ሳይበሉ የመጡ ሴቶች

ጥቅምት 4
ስብሰባ። አለቃችን አቶ ደሞዝ «የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ፤ እቅድ አርባ፣ ክንውን ዘጠኝ» ብለው አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። እኔ ደግሞ መስኮቱን አየሁ። ከፍኖተ ሰላም ነርሶች ሁሉ ሰው ማሳመን የምችል እኔ ሥርጉት ነኝ ይባላል። ማን እንዳለው አላስታውስም። ምናልባት ያልኩት ራሴ ነኝ።

ጥቅምት 7
ከቡሬ ወጣ ብላ ወዳለች ቀበሌ ሄድኩ። መንገዱ ክፍት ነበር፣ ተመስገን። የመንደሩን የንስሐ አባት፣ ቄስ ባንተአምላክን አገኘሁ።
«አባቴ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሠላሳ እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ሴቶች ሰኞ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ቢሉልኝ?»
«ለምን እንደሆነስ ምን ልበል?»
«እሱን እኔ እነግራቸዋለሁ።»
ብልጠቴ ራሴን አስገረመኝ። እስከ ቤቴ ፈገግ እንዳልኩ...

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ሠላሳ አንድ ሴቶች! ዘጠኝ ሲደመርበት አርባ። ከአንዲቷም ጥያቄ የለም፣ ክርክር የለም። አራት ደቂቃ አብራራሁ። «ገባችሁ?» «ገባን።» ቀጥታ ወደ አልጋ።
ሁለቱ አዙሯቸው ሊወድቁ ሲሉ አዋላጇ ሰብሊ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ለካ ሁሉም ምንም ሳይቀምሱ ነው የመጡት። ለምን ስላቸው መሬት መሬት ያያሉ። ዓይን አፋርነት ነው ብዬ አለፍኩት።
አንዷ ላይ ግን የማኅፀን ጫፏን በመመርመሪያው ፈሳሽ ስቀባው ነጭ ምልክት ታየ። እልፍነሽ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ የአራት ልጆች እናት። «ካንሰር አይደለም፤ ካልታከመ ግን ውሎ አድሮ ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ነይና እናክምሽ» አልኳት። «እሺ» አለች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና፣ «ቀኖናው ስንት ቀን ነው?»
ሳቅሁ። ተጫዋች ሴት ናት አልኩ።

ጥቅምት 13
እልፍነሽ አልመጣችም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ
ቤቷ ሄድኩ። ከጠበል ስትመለስ ደረስኩ፤ ፀጉሯ ገና እርጥብ ነው።
«አባታችን ሂዱ ሲሉን ለንስሐ ነው ብለን ነው እኮ። ሳንበላ የመጣነውም ለዚያ። ተገኘብሽ ስትይኝ በየትኛው በደሌ ይሆን እያልኩ፣ ከዚያ ወዲያ ያልሽው አልተሰማኝም።»
የቀልድ ጥያቄ አልነበረም... እኔ ግን ስቄባታለሁ።
ቄሱ ዘንድ ሄጄ አማረርኩ። «እኔ እነግራቸዋለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሉኝ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።
ወደ እልፍነሽ ተመልሼ ደጇ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከሀ ጀመርኩ። በሽታው ቅጣት እንዳልሆነ። ምልክቱ በራሱ ሊጠፋም ሊብስም እንደሚችል። ሕክምናው ምን እንደሆነ። ጠበሉንም ማቆም እንደማያስፈልጋት። በመጨረሻ «ካልፈለግሽም መተው ትችያለሽ» አልኳት።
«ብተወው አትቆጪኝም?»
«አልቆጣም።» ዋሸሁ እንዴ?
«እንግዲያ ላስብበት። ከባለቤቴም ልምከር። ጤፉም ደርሷል።»

ጥቅምት 23፣ እሑድ
ቄስ ባንተአምላክ ከቅዳሴ በኋላ «መሄድም መቅረትም የራሳችሁ ነው፤ ቀኖና አይደለም» አሉልኝ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር እስከ ቀትር ስጠየቅ ዋልኩ። አንዲት ሴት «ይህን ሁሉ ያኔ ብሰማ አልመጣም ነበር» አለችኝ። «ልክ ነሽ» አልኳት። ንግግር አዋቂዋ ሥርጉት ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘችም።

ጥቅምት 26
ሴቶቹ ሳይገባቸው እንደተመረመሩ ለአቶ ደሞዝ ነገርኳቸው። «ተመርምረዋል አይደል?» «ተመርምረዋል።» «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አላለቀስኩም። ጉንፋን ነው አልኩ።

ኅዳር 4
እልፍነሽ የለችም። ልደውልላት ስል ሰብሊ ስልኬን ቀማችኝ። «ላስብበት ያለች ሰው እያሰበች ነው፤ ተያት።» ነጩ ምልክት ግን እሷ እስክታስብ ይጠብቃል?

ኅዳር 11፣ ሐሙስ
መጣች! ቁርሷን በልታ። ቁጭ ብላ ግማሽ ሰዓት ጠየቀችኝ። ያማል? ልጅ መውለድ ይከለክላል? ከባሌ ስንት ቀን ልለይ?
«ስድስት ሳምንት።»
«የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ መቼስ መለየታችን አይቀርም» አለችና ሳቀች።
«ባልመጣ ኖሮ ይገድለኝ ነበር?»
«አላውቅም» አልኳት። ታካሚ ፊት ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። እሷ ግን ያመነችኝ እዚያ ላይ መሰለኝ። «እንግዲህ አክሚኝ» አለች።
ምልክቱን በሙቀት ማጥፋቱ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አለቀ። አንድ ዓመት ቆይታ ተመልሳ ትታያለች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አንቺስ ስትታዪ አመመሽ?»
አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ይህንን ሳስተምር ስምንት ዓመቴ።
«አልታየሁም።»
ሰብሊ ዞር ብላ አየችኝ።
«ለምን?»
«እፈራለሁ።»
እልፍነሽ አጠገቤ ተቀመጠች። «በይ ልንገርሽ። መመርመሪያው ዕቃ ይቀዘቅዛል። ፈሳሹ ትንሽ ይቆጠቁጣል። አቁሚ ስትያት ሰብሊ ታቆማለች። ቢገኝብሽም ሞት ማለት አይደለም። ካልፈለግሽ ደግሞ የሚቆጣሽ የለም። አስቢበት።»
ከኔ ማብራሪያ አጠር ይላል። ይሻላልም።

ኅዳር 14
ሦስት ቀን አሰብኩ። ሰብሊ ማክሰኞ ልታየኝ ቀጠረችኝ። የምጠይቃትን ልጽፍ ስጀምር ዘጠኝ ጥያቄ ሆነ። መልሱን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በቃሌ አስተምረዋለሁ... ቢሆንም ሁሉንም አንድ በአንድ ሳትመልስልኝ አልጋው ላይ አልወጣም።