ፓስወርዴን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ

ውድ እትዬ፣

ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኛል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴም ቀድጄዋለሁ። በመጀመሪያው ይቅርታ ጠየቅኩሽ፣ በሁለተኛው ተቆጣሁሽ። የትኛው ትክክል እንደነበር እስካሁን አልገባኝም፤ ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልጻፍልሽ።

ያኔ ታምሜ በሰነበትኩበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ካፌ መስኮት ከተዘጋ በኋላ በጓሮ በር ሳንኳኳ፣ «ገና አልሞትሽም?» እያልሽ ትኩስ ሾርባ የምትሰጪኝ አንቺ ነበርሽ። ተማሪው ሁሉ «እትዬ ጭልፋ» ነው የሚልሽ። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ እትዬ ብቻ ብዬሽ ቀረሁ። አንድ ቀን እጅሽን በሽርጥሽ እየጠረግሽ ስልክሽን አወጣሽና፣

«ይሄ ዋይፋይ የምትሉት ነገር ለእኔ ቢጤም ይሠራል?» አልሽኝ።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ለትምህርት ነዋ!» ብለሽ ሳቅሽ።

ሳቅሽን አይቻለሁ፤ ያመንኩት ግን ቃልሽን ነው። ከተደረደሩት ትሪዎች ኋላ ቆሜ የእኔን ስምና ፓስወርድ አስገባሁልሽ። ለማንም እንዳልሰጥ የፈረምኩት ቅጽ ትዝ ብሎኝ ነበር። በደንብ አላነበብኩትም እንጂ መፈረሙንስ ፈርሜያለሁ። የዶርም ጓደኛዬ ላይ «አንዲት እናት እያስተማርኩ ነው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት። ፈተና ስትወስጂ፣ የምስክር ወረቀት ስትቀበዪ በሐሳቤ አየሁሽ። ምን እንደምትማሪ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።

ከዚያ ሁለታችንም ዲኑ ቢሮ የተጠራንበት ያ ሐሙስ መጣ። የኔትወርክ ባለሙያው፣ የተማሪዎች ዲኑና የካፌው ኃላፊ ተቀምጠዋል። አንቺ ሽርጥሽን እንዳደረግሽ በሩ አጠገብ ቆመሻል። ባለሙያው ከወረቀት አነበበ፦

«በአንድ አካውንት ሁለት ስልክ። አንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ወጥ ቤት። የወጥ ቤቱ በአንድ ወር አርባ አንድ ሰዓት ቪዲዮ ታይቶበታል። ደንቡ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ለትምህርትና ለምርምር ብቻ ይላል።»

እኔ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ስለ መማር መብትሽ፣ ስለ ድካምሽ፣ ብቻ ብዙ ነገር። ልጀምር ስል ዲኑ፣ «ምን ዓይነት ቪዲዮ?» ብሎ ጠየቀ።

«ነጻ ትግል» አለ ባለሙያው። «ከላይ እስከ ታች ነጻ ትግል ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ኃላፊሽ ነው። ዲኑ ተከተለው። እኔም፣ እትዬ፣ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ለምትማር እናት ያዘጋጀሁት ንግግር ለትግል ተመልካች አልሆን አለኝ። ባለሙያው ሁለተኛውን ገጽ «ይሄ የራሷ የልጅቷ ነው» ብሎ ሳያነብ ገለበጠው። እዚያ ገጽ ላይ ከግማሽ በላይ ተከታታይ የፍቅር ድራማ እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዲኑ «ፓስወርድሽን ለማን ሰጠሽ?» ሲለኝ አንቺ ቀደምሽኝ።

«እሷ ምን ታውቃለች? ስትነካካ ከጀርባዋ ቆሜ አይቼ ነው የያዝኩት።»

ዲኑ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«ይመስለኛል» አልኩ።

ይመስለኛል! አዎ አይደል፣ አይ አይደል። እንዲህ ያለ ቃል ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። አንቺ ዞር ብለሽም አላየሽኝም። ሽርጥሽን ፈትተሽ፣ አጣጥፈሽ ለኃላፊሽ ሰጠሽውና ወጣሽ።

ለምን እንዲያ አልሽ? አዝነሽልኝ ነው? ወይስ ፈገግታዬን አይተሽ፣ «ከዚች ምንም አይገኝም» ብለሽ ነው? ሦስት ሳምንት ይህን ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ ዲኑ ቢሮ ሄድኩ።

«ጉዳዩ እኮ ተዘግቷል» አለኝ።

«ሰረቀች ተብሎ ነው የተዘጋው። የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?»

«ትግል ስለሆነ» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «የሒሳብ ትምህርት ቢሆን ኖሮስ?»

«እናገር ነበር።»

«ደንቡ እኮ ለሒሳብም ቢሆን አትስጪ ነው የሚለው።»

እዚህ ላይ ጭራሽ ተምታታብኝ። ጥፋቴ መስጠቴ ነው ወይስ መካዴ? ለእሱ መስጠቴ ነው፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዋይፋይ ከለከለኝ። አልከፋኝም። አንቺን ነጻ የሚያደርግ ደብዳቤም ጻፈልኝ። ይዤው ወደ ኃላፊሽ ስሮጥ ግን፣ «ቦታዋ ተይዟል፤ ደግሞ ብጠራትም እሺ አትልም» ብሎ የሄድሽበትን ፋብሪካ ነገረኝ።

ሰኞ ዕለት እዚያ መጣሁ። ፋብሪካው ምግብ ቤት ቱታ ከለበሱት ሠራተኞች ጋር ለምሳ ተሰልፌ ትሪዬን ዘረጋሁልሽ። አየሽኝ። ሩዙን ጨልፈሽ ሰሐኔ ላይ አደረግሽ፣ ትንሽ ቆም አልሽና ደግመሽ ጨመርሽበት።

«እትዬ...» ስል፣

«ቀጣይ!» አልሽ።

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ገፋ አደረገኝ። ጥግ ይዤ ሩዙን እስከ መጨረሻው ፍሬ በላሁት። ጭማሪው ይቅርታ ነው? ወይስ የከሳ ሰው ስታዪ ለሁሉም የምታደርጊው ነው? እዚያው ልጠይቅሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደወል ተደወለና ሁሉም ወደ ሥራው ገባ።

የዲኑን ደብዳቤ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ልትመለሺ ካሰብሽ ይጠቅምሻል፤ ካላሰብሽም ያንቺ ነውና ያዢው። ዓርብ ከሥራ ስትወጪ ዋናው በር ላይ እቆማለሁ። ብትሰድቢኝ እሰማለሁ። ዝም ብለሽኝ ካለፍሽም ቅዳሜ እቆማለሁ።

አክባሪሽ፣
የሁለተኛ ዓመቷ ተማሪ