ከግሩፑ የወጣነው ተቀይመንህ አይደለም

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የሌሊቱ ፈረቃ ወገብህን አልጎዳህም? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብን፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ "ከዘመዶች ግሩፕ የወጣችሁት ተቀይማችሁኝ ነው?" ስትለኝ፣ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ያን ቀን ላስታውሳት አልፈለግኩም። "ቆይ እጽፍልሃለሁ" ያልኩህ ለዚህ ነው። ማንም አልተቀየመህም። ያጣንህ መስሎን ነበር እንጂ።

መጋዘናችሁ የተቃጠለ ዕለት ነው። ስፌት ቤት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደንብ ልብስ ኪስ ስሰፋ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። የአጎታችን ልጅ መጋዘኑ ሲነድ የሚያሳይ ቪዲዮ ልኳል። ከዚያማ ማን ያቁመው! አንዱ "ሁሉም ወጥተዋል" ይላል፤ ሌላው "በሩ ተቆልፎባቸው ነበር" ይላል፤ ሌላዋ ፊቱ የማይታይ ሰው በቃሬዛ ሲወሰድ የሚያሳይ ፎቶ ልካ "የእኛ ልጅ አይደለም ወይ?" ትላለች። በመሃል የሽንኩርት ዋጋና የማን እንደሆነ ያላወቅኩት የልደት ኬክ ይገባል። ያንተ ስልክ ዝግ ነው። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ኪሱን ገልብጬ መስፋቴን ያየችው አሠሪዬ "ተይው፣ ቤትሽ ግቢ" አለችኝ።

ቤት ስደርስ አባዬ መጋዙን ጥሎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የድምፅ መልእክቱን አንድ በአንድ ይሰማል። እማዬ ዓይኗ ፊደል አልለይ ስላላት የምታነበው የእሱን ፊት ነው። "አሁንስ ምን አሉ?" ትለዋለች። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳነብ የአክስታችን ልጅ "ነፍስ ይማር" ብሎ ጻፈ። አፉ ይቆረጥ! ሌላው እየተቀበለ ስክሪኑ ሁሉ "ነፍስ ይማር" ሆነ። ስልኩ ከአባዬ እጅ ወደቀ። እማዬ ግን አላለቀሰችም። "ማን አየው? ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ በዓይኑ ያየ አለ?" አለች።

መልእክቶቹን ከላይ ጀምሬ መልሼ አየኋቸው። ሁሉም ሰማሁ ባይ ነው እንጂ አየሁ ባይ የለም። ያኔ ነው አብሮህ የሚኖረው "ረጅሙ" ትዝ ያለኝ። አምና በእሱ ስልክ ደውለህልኝ ነበርና ግሩፑን ዘግቼ ቁጥሩን ስፈልግ፣ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ጠዋቱኑ ጽፎልኛል! "እታለም፣ ወንድምሽ ደህና ነው። ሲሮጥ ስልኩ ወድቆ ተሰብሮበት ነው" ይላል። ከዚያ ሁሉ ወሬ ሥር ተቀብሮ ነበር። ብደውልለት "እሱማ እያንኮራፋ ነው፣ ልቀስቅሰው?" አለኝ። እማዬ "ተወው ይተኛ፤ ማንኮራፋቱን ብቻ አሰማኝ" አለች። ሦስታችንም ስልኩ ላይ ተደፍተን ማንኮራፋትህን ስንሰማ ቆየን። አባዬ እየሳቀ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። የኔም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ከግሩፑ የወጣነው ያን ዕለት ነው። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ አባዬ፤ መውጫውን እኔ አሳየሁት። አክስታችን "ኮራችሁ" ብላ አኩርፋ ነበር። አሁን ግን ራሷ እየደወለች ታጫውተናለች፣ ያውም ከድሮው ይበልጥ። አንዳንዱን ወሬ ዘግይተን እንሰማለን፤ እስካሁን በመዘግየታችን የሞተብን የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ሳላዘው ወደ ስልኩ መሄዱን ገና አልተወም። ሆኖም ኪሴን ደህና አድርጌ እሰፋለሁ፣ ሌሊቱንም እተኛለሁ።

አደራህን፣ የእኔን፣ የአባዬንና የአሠሪዬን ቁጥር ለረጅሙ ስጠው። እሱንም ሁለት ጊዜ ሳምልኝ።

አባዬ "በርታ ልጄ፣ መውጫ በሩን ሳታይ ሥራ አትጀምር" ብሎሃል። ታናሿ እህትህ ሰላም ብላሃለች፤ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለእሷ እንድታስብ ትላለች፤ መስበርህን ነግሬያታለሁ፣ አልሰማ ብላ ነው። እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። "ክፉም ሆነ ደግ፣ ከራስህ አፍ ልስማው" ብላሃለች።

እታለም የምትላት እህትህ
ከቤት፣ መስኮቱ ሥር ሆኜ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጋቢት 12