የወንድሜ መንጋጋና የዓሣ ነባሪው ጥርስ

ለማሪዋና ሕግ አጣሪ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት
ሱቫ

ሰኞ፣ ኦገስት 11

ጉዳዩ፦ ወንድሜ ኢሲኬሊ ኤሮኒ ሳይፈረድበት በፊት ቃሌ እንዲሰማልኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

እኔ ሴሩዋያ ኤሮኒ እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የናቩኒዋይ መንደር ልጅ ነኝ፤ ትምህርት ካቆምኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት "ማሪዋና ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?" ብላችሁ መንደራችንን ልትጠይቁ ስትመጡ፣ አዳራሹ በር ላይ እጇን ያወጣችው ልጅ እኔ ነኝ። የመንደራችን ሹም አቶ መሳኬ "ተቀመጪ! ይሄ የትልልቅ ሰው ነገር ነው" አሉኝ። ከዚያ ወደ እናንተ ዞረው "እኛ ጋ ይሄን ቅጠል የሚያበቅል የለም፤ ከፖሊስ ጋር ፍቅር ነን፤ ሕጉን አጥብቁልን" አሉ። እናንተም ጻፋችሁት። የጻፋችሁት ውሸት ነው፤ ጥፋቱ የእናንተ ባይሆንም።

1. የሆነው ይሄ ነው። ጁን 9 ጠዋት ስድስት ፖሊሶች ከሳጅን ቱይማካ ጋር ዳገቱ ላይ ወዳለው እርሻችን ወጡ። ሥሩ ተወቅጦ በሚጠጣው ካቫ ተክል መሀል አርባ ሦስት የማሪዋና ተክል አገኙ። ሳጅኑ "የማን ነው?" አለ። እኔ አፌን ስከፍት ኢሲኬሊ እግሬን ረገጠኝና "የኔ ነው" አለ። ሳጅኑ "ጎበዝ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው" ብሎ ሳቀ። እየሳቀ በዱላ አፉን አለው። ሲወድቅ ሁለት ፖሊሶች በቡትስ ጫማ ወጡበት። መንጋጋው ሲሰበር የካሳቫ እንጨት ሲቀነጠስ እንደሚሰማው ነው የተሰማው። ሦስት ጥርሱን ከጭቃው የለቀምኩት እኔ ነኝ። ስጮህ አንዱ "አንቺም አማረሽ እንዴ ቆንጆ?" አለኝ። ነከስኩት። ምልክቱ እስከ ዛሬ ክንዱ ላይ አለ፤ እጅጌውን ይሰብስብና ይታይ።

2. በሳምንቱ ሳጅኑ ከዘመዶቹ ጋር፣ በወጋችን ለዕርቅ የሚቀርበውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ ቤታችን መጣ። ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ፤ አባቴ ጥርሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጥርሱን ከተቀበሉ በኋላ ያንን ነገር መልሶ ማንሳት ነውር እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። የመንጋጋው ክስ በዚሁ ተዘጋ። የተክሉ ክስ ግን አልተዘጋም። አባቴን "ኢሲኬሊን ሳትጠይቀው?" ብለው "እሱማ መናገር አይችልም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አፉ በሽቦ ታስሯል።

3. እኔ መቻል አቃተኝ። የዓሣ ነባሪውን ጥርስ ከአባቴ ሳጥን አውጥቼ፣ ሁለት ሰዓት በእግሬ ወርጄ፣ ጣቢያው ውስጥ ሳጅኑ ላይ ወረወርኩት። ቅንድቡን ፈነከተው። ይሄን አልክድም። ደሙን ሳይ ደስ ብሎኛል፤ እሱንም አልክድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ አያናግረኝም። አቶ መሳኬም "ይቺን ጅራፍ ነው የሚያስተምራት" እያሉ ነው አሉ። ይምጡ፤ ቤት ነኝ።

4. ስለ ቅጠሉ። ጥሩ ነው አልልም። የአክስቴ ልጅ አጭሶ አጭሶ አሁን ከዛፍ ጋር ያወራል። ነገር ግን ቢራ ጠጥቶ ሚስቱን የደበደበ ሰው አውቃለሁ፤ የቢራ ፋብሪካ ሄዶ ዱላ የሚያወርድ ፖሊስ ግን አላየሁም። ድልድያችን በጎርፍ ከሄደ ወዲህ መኪና አይመጣም፤ ለገበያ የቆፈርነው የታሮ ሥር መንገድ ዳር ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ግን በቦርሳ ይሄዳል። ለዚህ ብዬ ተከልኩ። አዎ፣ እኔ። አርባ ሦስቱንም የተከልኩት እኔ ነኝ። ኢሲኬሊ ውኃ እንኳን አላጠጣም።

ስለዚህ ማሪዋና እንዲፈቀድ እጠይቃለሁ። ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ በተክል የተከሰሱ ሰዎች ፍርድ እንዲቆም ለፍርድ ቤት ጻፉልኝ። እናንተ የምትወስኑት የገና በዓል ሲደርስ ነው ተብሏል፤ ኢሲኬሊ የሚፈረድበት ግን ኦገስት 26 ነው። አሁን በዋስ ተለቆ ቤት ነው፤ ሾርባ በቀጭን ቱቦ የማጠጣው እኔ ነኝ። እስር ቤት ውስጥ አንድ ሰው አንዴ በጥፊ ቢለው ያ መንጋጋ ሁለተኛ አይጠገንም፤ ሐኪሙ ነው ያለኝ።

አይሆንም ካላችሁ ይሄን ወረቀት ለዳኛው ላኩት። ክሱ ላይ "ኢሲኬሊ" የሚለውን ሰርዘው "ሴሩዋያ" ይበሉ። ፖሊስ አትላኩብኝ፤ በእግሬ እመጣለሁ።

ተናድጄ ብጽፍም ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ነው።

ሴሩዋያ ኤሮኒ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለመንደሩ ሹም ለአቶ መሳኬ
ለአባቴ