በአምስት ሰከንድ ስለ ተነጠቀ ቢጫ ባንዲራ

ለክቡር አቶ ኩራሺና ቴሩሂኮ
የኪታሚዞ ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ኪዮቶ

ክቡር ሆይ፣

ይህ የሰኔ ዝናብ ግድግዳውን ሁሉ በሚያሻግትበት ወቅት ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም ለሰፈራችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን አእምሮዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤትዎም ደህና እንደ ሆኑ ትናንት ከዓሣ ነጋዴው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ በበኩሌ፣ በእርስዎ ቸርነት ጠዋት ጠዋት ሥራ ስለሌለኝ፣ በዕድሜዬ ያላገኘሁትን እንቅልፍ እየጠገብኩ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ በፖስታ መላክ ሲገባኝ፣ ከቤት ወደ ቤት በሚዞረው የማኅበሩ ሰሌዳ ላይ፣ ከቆሻሻ መጣያ ቀናት ማስታወቂያ በታች ስላያያዝኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ። በልማዳችን ሰሌዳው የደረሰው ቤት ሁሉ አንብቦ ማህተሙን አሳርፎ ለጎረቤቱ ያቀብላል። እርስዎም ጉዳዬን በሰው ሁሉ ፊት ስለ ፈጸሙልኝ፣ ምስጋናዬን በጓዳ ማቅረብ ነውር መሰለኝ።

ለአዲስ ገቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ሃታናካ ቶሜ እባላለሁ፤ ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው። የአኩሪ አተር አይብ ከሚሸጥበት ከቶፉ ቤቱ ማዶ ባለው ማዕዘን ላይ ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ ዓመት የባቄላ ጣፋጭ ስንሸጥ ኖረን፣ እሱ ሲያርፍ ሱቁን ዘጋሁ። በዚያው ሰሞን ተማሪዎችን ዜብራው ላይ የምታሻግር አንዲት እናት ወገቧን ታመመችና “እትዬ ቶሜ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይያዙልኝ” ብላ ቢጫዋን ባንዲራ ሰጠችኝ። ያቺ ሳምንት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነች። ለምን አልመለስኩላትም ለሚል፣ መልሱ አጭር ነው፤ ባሌ ከሞተ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ ጠዋት ተነሥቶ የሚጠብቀኝ ሰው የነበረው እዚያ ዜብራ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ግን ክቡርነትዎ ከአንድ ስብሰባ ሲመለሱ በኪስ የምትገባ፣ የምትንጫጫ የእጅ ጌም ይዘው መጡ። ውስጧ አርባ ትንንሽ ጨዋታዎች አሉ፤ እያንዳንዷ ጨዋታ አንዲት ቃል ትጮኽብዎታለች፤ በአምስት ሰከንድ ውስጥ የተባሉትን ካላደረጉ ትስቅብዎታለች። ሰው ሊስቅባት የተሠራች ዕቃ ናት። እርስዎ ግን የአረጋዊን አእምሮ የምትመዝን ሚዛን ናት ብለው አወጁ፤ ዕድሜው ሰባ ሦስትና ከዚያ በላይ የሆነ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ በአዳራሹ እንዲፈተን፣ ከአርባው ሃያውን ያላለፈም ሥራውን እንዲያስረክብ አዘዙ። እኔ ስድስት አለፍኩ። ባንዲራዬም ተወሰደ። አቤቱታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ። የሰው አእምሮ መዝገም የሚጀምረው በሰባ ሁለት ሳይሆን ልክ በሰባ ሦስት ዓመት መሆኑን ስላሳወቁን ሰፈሩ ባለውለታዎ ነው። እርስዎ በሚያዝያ ወር ሰባ ሁለት ዓመት እንደ ሞላዎ የልደት ኬክዎን የቀመስን ሁላችን እናስታውሳለን። ሳይንስ ለአንድ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲጠነቀቅለት አይቼ አላውቅም።

፪ኛ። ስለ ፈተናው ይዘት። ሠላሳ አራት ጊዜ ስወድቅ በቦታው ስለ ነበሩ ሁሉን አልዘረዝርም፤ ግን ምን ሳደርግ እንደ ወደቅሁ ሰፈሩ ይወቅልኝ። በመጀመሪያው ጨዋታ መሣሪያዋ አንድ ትልቅ የአፍንጫ ቀዳዳና ከሥሩ የምትወዛወዝ አንዲት ጣት አሳየችኝና “ጎርጉር!” አለችኝ። እናቴ በሕይወቷ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። አፍንጫው የማን እንደ ሆነ ባላውቅም መቸገሩ ስለ ገባኝ፣ ከእጅጌዬ ሶፍት አውጥቼ ሳቀርብለት ጊዜው አለቀ። ቀጥሎ አንድ የተከበረ ሰው ጉንጩ ላይ ትንኝ አርፎበት መጣ፤ “ምታ!” ተባልኩ። የማላውቀውን ሰው በጥፊ ከመምታቴ በፊት “ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ ትንኝ አርፎብዎት ነው” ማለት ነበረብኝ፤ “ጌታዬ” የሚለው ላይ ስደርስ ተሳቀብኝ። ከዚያ ደግሞ ሳህን ላይ አንዲት ድቡልቡል የታኮያኪ ጥብስ ብቻ ቀርታ፣ ከአራቱም ማዕዘን እጆች ተዘርግተውባት “ያዝ!” ይላል። በዚህ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ከገበታ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ጉርሻ ሲነጥቅ ማን አይቷል? እኛ ዘንድ የመጨረሻዋ እስክትደርቅ ትቀመጣለች እንጂ እጅ አይነካትም። እጄን ሰብስቤ ሌሎቹን ጠበቅኋቸው።

ያን ጊዜ እርስዎ ከወንበርዎ ብድግ ብለው “ኧረ እትዬ ቶሜ፣ ምን ነካዎት! ጣትዎን ያንቀሳቅሱ እንጂ፤ ጌም እኮ ነው!” አሉኝ።

“ሌሎቹ ሳይወስዱ?” አልኩዎት።

“ሌሎች የሉም እኮ! ሥዕል ነው!”

እንግዲያው ሥዕል ከሆነ፣ ባንዲራዬ ለምን በእውነት እንደ ተወሰደ እስካሁን አልገባኝም። ስድስቱን እንዴት አለፍኩ ለሚል ደግሞ፣ ሦስቱ “ሽሽ!” የሚሉ ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ከልቤ ነበርኩ። የተቀሩት ሦስቱ አውራ ጣቴ በላብ አንሸራትቶኝ ሳላስበው ያለፍኳቸው ናቸው።

፫ኛ። ፈተናው እንዳለቀ የእጅ ሰዓትዎ እጅግ የሚያምር መሆኑን ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት። በሰፈራችን የእንግዳ ሰዓት የሚመሰገነው እንግዳው ወደ ቤቱ እንዲሄድ ሲፈለግ መሆኑን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። እርስዎ ግን አመስግነውኝ፣ ሰዓቱን ከየት እንደ ገዙት፣ ውኃም እንደማያስገባ ለግማሽ ሰዓት አስረዱኝ። ከቶኪዮ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ ስለ ሆነ አልፈርድብዎትም፤ እንግዳ ነዎት፣ ቀስ በቀስ ይለምዱናል። በመጨረሻም ባንዲራውን ከእጄ ወስደው “እንግዲህ ይረፉ፤ ደክመዋል” አሉኝ። ደክሜ እንደ ነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

፬ኛ። ባንዲራው በፈተናው አንደኛ ለወጣው ለአቶ ኢናባ ሹጂ ተሰጠ። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ስለ ሆነ ፈተናው አይመለከተውም ነበር፤ በአዳራሹ ደጅ ሲያልፍ “እስቲ እኔም ልሞክራት” ብሎ ገብቶ ከአርባው ሠላሳ ስድስቱን አለፈ። ኢናባ ልቡ ደግ የሆነ፣ ጣቶቹ ግን በየቀኑ ትንንሽ የብረት ኳስ በሚያስፈነጥር የቁማር ማሽን ላይ ሲሠለጥኑ የኖሩ ሰው ነው። ተማሪዎቻችንን በአምስት ሰከንድ ማሻገር ጀመረ። ባንዲራው ብድግ፣ ልጆቹ ሩጫ፣ ባንዲራው ዝቅ። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚለውን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

እኔ በእነዚያ ጠዋቶች እዚያ ምን እሠራ እንደ ነበር ይጠይቁ ይሆናል። ከዜብራው ፊት ለፊት ካለው ቶፉ ቤት ቶፉ እገዛ ነበር። ዘጠኝ ጠዋት ተከታትዬ፣ ከአንድ ሰዓት ከአርባ እስከ ሁለት ሰዓት ከዐሥር፣ ቶፉ ስመርጥ ቆየሁ፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ማቀዝቀዣ በቶፉ ተሞልቶ አይዘጋም። የቶፉ ቤቱ ሰውዬ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ዝናቡ እየጣለ፣ ዐሥራ ሁለት ልጆች እንደ ንፋስ አለፉና ባንዲራው ዝቅ አለ። ዐሥራ ሦስተኛዋ ግን መሐል ዜብራ ላይ ነበረች። ሺዮሪ ትባላለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። በዚህ ወቅት ቀንድ አውጣ ካየች የትም ቢሆን ቁጭ ብላ ታየዋለች። ይህን የሚያውቅ ሰው እሷን ጨምሮ ይቆጥራል። የቢራ ሳጥን የጫነው መኪና ከጥጉ ዞሮ መጣ። እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ መሐል ገባሁና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሾፌሮች እጅ እንደምነሣው፣ ወገቤን ሰብሬ እጅ ነሣሁት። ሾፌሩ ያን አነሣሥ ያውቀዋል፤ ፍሬኑን ያዘ። ከመኪናው ግንባር እስከ ልጅቷ የደብተር ቦርሳ የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

ሺዮሪ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝ። መኪናውን ልብ አላለችውም። “እማማ ቶሜ! የት ጠፍተው ነው? አጥፍተው ነው እንዴ ያባረሩዎት?” አለችኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ በዚያ ዕድሜ ላለች ልጅ ውሸት ተናግሬ አላውቅም፤ እውነቱንም እንዴት ብዬ ልንገራት? “አፍንጫ አልጎረጉርም ብዬ ነው” ልበላት? እጇን ይዤ አሻገርኳትና ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በእርስዎ ተቆጥቼ አልነበረም፤ ቁጣው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ያለቀስኩት ስላፈርኩ ነው። በሰባ ሰባት ዓመቴ፣ ያላጠፋሁትን ጥፋት በአንዲት ሕፃን ፊት ተሸክሜ መቆሜ አንገበገበኝ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ኢናባ አንድ ሳጥን የሩዝ ብስኩት ይዞ፣ ዝናብ እያንጠባጠበ ደጄ መጣ። ግባ ብዬ ብለምነው አልገባም አለ። “እትዬ ቶሜ፣ እጄ ነው የቀደመኝ። ያለፉ መስሎኝ እኮ ነው! ይህን ጨርቅ ለሰውዬው ይመልሱልኝ፤ እኔ ፊቱን ማየት አልችልም” አለኝ። እርስዎ የሾሙትን ሰው እኔ መሻር ስለማልችል፣ ባንዲራውን ሳልቀበል ሻይ በቁሙ አጠጥቼ ሸኘሁት።

፭ኛ። በማግስቱ ጠዋት፣ በማኅተምዎ የተጌጠ ማስታወቂያ በኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ አገኘሁ፤ “ያልተፈቀደላቸው ግለሰቦች በዜብራው አካባቢ ጃንጥላ ከመዘርጋት እንዲቆጠቡ” ይላል። የዝናቡ ወቅት ሊወጣ ገና አንድ ወር ይቀረዋል። ዝናቡ ማስታወቂያዎን እንዳያበላሸው ላስቲክ አልብሼዋለሁ።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ባንዲራዬ ይመለስልኝ። ለእኔ ክብር ብለው አይደለም፤ ክብሬን እርስዎ አልሰጡኝም፣ ሊወስዱትም አይችሉም። የኪታሚዞ ልጆች ዐሥራ ሁለት ሳይሆኑ ዐሥራ ሦስት ስለ ሆኑ ነው። መፈተን የግድ ከሆነ ደግሞ፣ ከቢሮዎ ወጥተው ከእኔ ጋር ዝናብ ላይ ቆመው፣ አንዲት ልጅ ቀንድ አውጣ አይታ እስክትጨርስ ሾፌሮችን እጅ እየነሡ ያቆዩ። ሾፌሮቹ ያጉረመርማሉ፤ ጫማዎ ይርሳል፤ ማንም አያጨበጭብልዎትም። እኔ ይህን ፈተና በየቀኑ ስወስድ ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጊዜ አልወደቅሁም።

ባይፈቅዱም ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ባንዲራም ጃንጥላም ሳልይዝ፣ በባዶ እጄ ዜብራው ላይ እገኛለሁ። ሊያስነሡኝ ቢመጡ አይቸኩሉ፤ መንገዱ ያንሸራትታል። ቀኝና ግራ አይተው ይጠብቁኝ፤ እርስዎንም አሻግርዎታለሁ።

ለጤናዎ፣ ለረጅም ዕድሜዎ፣ ለድንቅ ሰዓትዎም በየዕለቱ የምጸልይ፣ በትዕዛዝዎ ያረፍኩ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ሃታናካ ቶሜ
የቀድሞ ጣፋጭ ሻጭ፣ ያልተፈቀደላት ግለሰብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በፈተናው ዋዜማ ለብቻዎ ወደ አዳራሹ ገብተው መሣሪያዋን ሲሞክሩ፣ እኔ ከወረቀቱ በር ጀርባ ባለው ኩሽና ለማግስቱ ሻይ ኩባያ እያጠብኩ ነበር። ሹልክ ብዬ እንዳልወጣ በሩ በእርስዎ በኩል ሆነብኝ። የመውደቂያ ሳቋን ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰማሁ፤ ይህም ማለት ክቡርነትዎ ዘጠኝ አለፉ። “አንዴ ቆይ እንጂ! ምን ያጣድፍሻል! ቆይ አልኩሽ እኮ!” ብለው ሲለምኗትም አንጀቴን በሉት። ያፍራሉ ብዬ ይህን እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰሌዳውም ዛሬ በአርባ ሁለት ቤቶች ዞሮ ወደ እርስዎ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው፤ ማህተምዎን የሚያሳርፉበት ቦታ ከግርጌ ትቼልዎታለሁ።