የኮሌራ ሰባት ቤት

ትህትናዬ፣ አለሁልሽ!

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስወጣ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ፀሐይነሽ ጭኔ ላይ ያለው ሳጥን ምን እንደያዘ ጠየቁኝ። «የሞቱ የኮሌራ ባክቴሪያዎች ናቸው። የኮምቦልቻውና የቦሩ ሜዳው ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን በጂናቸው ላጣራ ነው» አልኳቸው።

«ሰባት ቤት የምትቆጥሪላቸው ልትድሪያቸው ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የእኛ የሐዋሳ ታክሲ ቢሆን ሁሉም ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ይወርድ ነበር። እማማ ግን ወደ እኔ ዞረው አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እያሉ እስከ ሰባት አስቆጠሩኝ። እኔ ሦስት ሳምንት የሚፈጅብኝን ሥራ በሐረጎ ዳገት ጨርሰው፣ ፒያሳ ስንደርስ ከልጃቸው ከምንተስኖት ጋር እንደማንዛመድ አረጋገጡ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናቴን ሳሚልኝ። ስለ ምንተስኖት ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ እሷ ሁለት ቤት እንኳ ሳትቆጥር እሺ ትላለች።

ወንጌላዊት