ያልጨመርኩልህ ግማሽ ነጥብ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ከረምክ? ሚስትህስ ደህና ናት? የትንሿ ልጅህ ሳል ለቀቃት? ይህን የምጠይቅህ ሳልጠይቅ ብጀምር ስለሚያሳፍረኝ እንጂ፣ ያንተን ጤንነትማ ቅዳሜ በሽኝቴ ላይ አይቼዋለሁ፤ ድምፅህ ያለ ማይክ አዳራሹን ይሞላል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ስልክ ብደውልልህ «እሺ መምህር፣ ይሁን መምህር» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት የሚደርስባት ሁሉ ደረሰብኝ። ዲኑ ንግግሩን ከወረቀት ሲያነብ የሥራ ዘመኔን ሁለት ዓመት ቀነሰብኝ። ኬኩ ላይ ስሜን ሲጽፉ አንድ ፊደል ስተዋል፤ ቀይ እስክሪብቶዬ ቢኖር እዚያው አርመው ነበር። ይህን ሁሉ ችዬ ፈገግ እንዳልኩ ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ ያለው ወንበር ላይ «ለቤተሰብ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ። አንተ ግን ወረቀቱን አንብበህ፣ ስታነበው እያየሁህ፣ አልፈህ ሄደህ ከቀድሞ ተማሪዎቼ መሃል ተሰገሰግህ። በኋላ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ቦርሳውን አኖረበት።

ከዚያ ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ያቺ ፋርማሲስት፣ ተነሳች። ለመመረቅ ግማሽ ነጥብ ጎድሏት እንደነበር፣ እኔም ወረቀቷን ደግሜ አይቼ እንደጨመርኩላት፣ ዛሬ የቆመችው በዚያች ግማሽ ነጥብ እንደሆነ እያለቀሰች ተናገረች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን ክው አልኩ። ዞር ሳልል ፊትህ ምን እንደሚመስል አወቅሁት፤ ሕፃን ሆነህ ስታኮርፍ የምታሳየኝ ፊት ነው።

ማንም ሳይጠራህ ብድግ አልክ። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ፣ እኔም ግማሽ ነጥብ ጎድሎኝ ነበር፣ ለእኔ አልጨመሩልኝም፤ እንኳን ደስ አለዎት መምህር አልክና ተቀመጥክ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔም ሳቅሁ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ላልቅስልህ?

ኃላፊው አምና የመጣ ስለሆነ አያውቅህም። ጠጋ ብሎ ይሄ ተጫዋች ልጅ ማነው አለኝ። አንተ ተማሪያቸው ነኝ ካልክ በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልጄ ነው ልበለው? ተማሪዬ ነበር አልኩት። ጡረታ በወጣሁበት ዕለት አስዋሸኸኝ።

አሁን ስማኝ። ለባዕድ ሰጥታ ለእኔ ከለከለች እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ ሰጠኋት፤ ደግ አደረግሁ። ያቺ ልጅ እናቷን ቀብራ በሳምንቱ ነው የተፈተነችው፤ ማንም አልነበራትም። አንተ እኔ ነበርኩህ። በዚህ ግቢ ውስጥ እናትህ አይደለሁም፣ እንደ ሰው ሁሉ መምህር በለኝ፣ ቢሮዬንም አንኳኩተህ ግባ ያልኩህ ለማን ብዬ ነው? አንድ ቀን በሰው ፊት ልጄ ብልህ ኖሮ ላብህን አፍስሰህ ያገኘኸውን ሁሉ እናቱ ሰጠችው ይሉህ ነበር። በዚያች ግማሽ ነጥብ ኢንጂነሪንግ ሳትመደብ ቀረህ፤ ቀረህ እንግዲህ! የኢንሹራንስ ሥራህስ ምን አለው? ደሞዝህ ከእኔ አይበልጥም? ያንን ወረቀትህን ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት ምን ታውቃለህ? ግማሽ ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ ስፈልግ ነው ያነጋሁት። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ አገኝልህ ነበር።

ደግሞስ እኔ ያልኩህ በግቢው ውስጥ ነው። ዕድሜ ልክህን በለኝ አልኩህ? ተመርቀህም መምህር፣ አግብተህም መምህር። ባለፈው ትንሿ አፏን ፈትታ «መምህር» ስትለኝ ሚስትህ ደንግጣ አፏን ያዘቻት፤ አንተ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ጋዜጣህን ገለጥህ። የተወለድክበትን ቤት በር ሳይቀር፣ ቁልፉን ኪስህ ውስጥ ይዘህ፣ አንኳኩተህ ግባ እስክትባል ትቆማለህ። እንደ አባትህ ግትር ነህ፤ እሱ ግን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ተቆጥቶ ይወጣለት ነበር። አንተ ቂምህን በትህትና ነው የምታወጣው።

ቅዳሜ ማታስ? የሸለሙኝን ያንን ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር ተሸክመህ ደረጃውን ስትወጣ ላብህ በጀርባህ ወርዶ ነበር። አረፍ በል፣ ውኃ ጠጣ ብልህ፣ ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ ወይ ብለኸኝ ሄድክ። እንደ ተሸካሚ! ሒሳብ እንድከፍልህ ነበር የፈለግኸው? ደረጃው ላይ ኮቴህ እስኪጠፋ ቆሜ ሰደብኩህ።

ወንበሩን መስኮቱ ሥር ነበር ያኖርከው። ወደ በሩ አዙሬዋለሁ። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፤ የመስኮቱ ብርሃን ዓይኔን ስለሚወጋኝ ነው። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ የሚወጣ የሚወርደውን ሁሉ በኮቴው እለየዋለሁ፤ ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው።

ፈጣሪ ትዳርህን ያጽናልህ። ትንሿን ያሳድግልህ፤ ስታድግም እንዳንተ ነገር በሆዷ የምትቋጥር አትሁንብህ። ክፉ አይንካችሁ፤ ከነንዴቴ የምመርቅህ ነውና አሜን በል።

እሁድ ይዘሃቸው ና። ቁልፉ አንተ ጋ ነው፤ ራስህ ከፍተህ ግባ። ብታንኳኳ አልከፍትልህም።

እናትህ