«ወገቤን» ስልሽ

ልጄ ፋይዛ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለውን ሱቁን ከፍቷል። የላክሽልኝ የወገብ ቀበቶ ደረሰኝ፤ ግን ወገቤስ ደህና ነው። እኛ የሰፈር እናቶች ማህፀን ሲወርድብን «ወገቤን» ነው የምንለው። ሲብስብኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ የወጣው ማህፀኔ ላይ ቁስል አየች፤ ሲመረመር ካንሰር ሆነ፣ እምብዛም የማይገኝ ዓይነት። «እማማ፣ ባይወጣ ኖሮ ማን ያየው ነበር?» አለችኝ። እያፈርኩ የደበቅኩት ነው የተደበቀውን ያጋለጠው። ሳይሰራጭ ስለተደረሰበት ማክሰኞ ኦፕራሲዮን እሆናለሁ፤ አትደንግጪ፣ ዱዓ አድርጊልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ሳትደብቂ ንገሪኝ፤ ባለፈው ስትደውዪ «ወገቤን» ያልሽኝ፣ እውነት ወገብሽን ነው?